ቁስሌና የአማቴ ሽክና

ከእስቴ ወጥቼ ወደ ስማዳ ሁለተኛ ባሌን ተከትዬ ስሄድ እናቴ የሰጠችኝ ምክር አንድ ብቻ ነበር። የበቅሎውን ልጓም ይዛ፣ ሌላ ሰው እንዳይሰማ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «ሳይቀምሱልሽ እንዳትጠጪ» አለችኝ። በእኛ አገር ጠላም ይሁን ወተት የሚያቀርብ ሰው አስቀድሞ ጥቂት በመዳፉ ላይ ጠብ አድርጎ ይቀምሳል። ቀምሶ የሰጠ ሰው ይታመናል። ሳይቀምስ ስለሚሰጥ ሰው እናቴ ምንም አልተናገረችም፤ መናገርም አላስፈለጋትም።

እኔም ብሆን ጥርጣሬ የሚያስተምረኝ አልፈልግም ነበር። የመጀመሪያ ባሌ ጋይንት ውስጥ ሌላ ጎጆ፣ ሌላ ሴትና ሁለት ልጆች እንዳሉት አገር ሲያውቅ፣ ሦስት ዓመት ሙሉ ሳላውቅ የኖርኩ ሴት ነኝ። ያወቅሁ ዕለት ከሰውየው ይልቅ ያንገበገበኝ በየደጁ «እንደምን አደርሽ» እያሉ ፈገግ ይሉልኝ የነበሩት ሰዎች ነገር ነው። ሁሉም ያውቁ ነበር። ከዚያ ወዲያ ሰው ሲያናግረኝ አፉን ትቼ እጁን ማየት ለመድኩ።

ጊዜው የጃንሆይ ዘመን ነው። አዲሱ ቤቴ ከወገዳ ገበያ የሁለት ሰዓት መንገድ ይርቃል። ባሌ ሚስቱ የሞተችበት፣ ዝምተኛ፣ ጉልበቱ የማይደክም ገበሬ ነበር። እናቱ አብረውን ይኖሩ ነበር። አማቴ ረጅም፣ ቀጭን፣ ንግግር የማያበዙ ሴት ነበሩ። ጓዳ የሚገቡት እሳቸው ብቻ ናቸው፤ ከጓዳ የሚወጣውን ሁሉ በገዛ እጃቸው ነበር የሚያወጡት። ክፉ ቃል አልተናገሩኝም። ደግ ቃልም አልሰማሁም። ለእኔ ዓይነቷ ሴት ከክፉ ቃል ይልቅ ዝምታ ያስፈራል።

ስለ ሟቿ መጀመሪያ የነገረችኝ ከአጥራችን ማዶ የምትኖር ጎረቤታችን ናት። ከእኔ በዕድሜ ከፍ የምትል፣ ወሬ የማያመልጣት ሴት ነበረች። ምንጭ ወርደን እንስራ ስንሞላ ድንገት ተነፈሰችና፣

«ያቺ ምስኪን!» አለች።

«የትኛዋ፣ እትዬ?»

«ከአንቺ በፊት የነበረችው ናታ። መጨረሻ ላይ አማትሽ በእጃቸው ነበር የሚያጠጧት። ሲያጠጧት፣ ሲያጠጧት ሰንብተው ሞተች።»

«ምን ነበር የሚያጠጧት?»

«እኔ ምን አውቄ፣ እቴ! ጓዳችሁ ገብቼ አላየሁ።» ዙሪያዋን ቃኘችና ወደ ጆሮዬ ተጠጋች። «የወለደቻትን ሕፃን ግን የእናቷ ወገኖች አርብ ገበያ ከሚባለው አገር ድረስ መጥተው ጡት ሳትጥል ወሰዷት። ለምን ወሰዷት? እሱን ጠይቂ።»

እንስራዬን አዝዬ ዳገቱን ስወጣ ለመጠየቅ አሰብኩና ተውኩት። መጠየቅ ማስጠንቀቅ መሰለኝ። ጠርጥሬሃለሁ ብሎ የነገረ ሰው ራሱን አጋለጠ ማለት ነው። ስለዚህ ምንም ሳልናገር አበላሌን ብቻ ለወጥኩ። ከገበታው ባሌ ከቆረሰበት በኩል ብቻ እቆርሳለሁ፤ አማቴ ወደ እኔ የገፉልኝን ወጥ አልነካም። ሁለት ሦስት ጊዜ ከጎረስኩ በኋላ እጄን እሰበስባለሁ። አዲስ ገቢ ሚስት ቁጥብ ስትሆን ታምራለችና ማንም አልተገረመም። ረሃቡ ሲጸናብኝ በራሴ እጅ የቆላሁትን የገብስ ቆሎ ከመቀነቴ ጫፍ ፈትቼ ለብቻዬ እቆረጥማለሁ። ማንም ያላየኝ መስሎኝ ነበር።

ጥቅምት ሊያልቅ ሲል ገብስ ደረሰ። ባሌ ደቦ ጠርቶ ማጨድ ጀመርን። በሁለተኛው ቀን፣ ፀሐይ አናት ላይ ስትወጣ፣ ዓይኔን ጭጋግ ነገር ጋረደኝና እጄ ሳተ። ማጭዱ ከጨበጥኩት አገዳ አምልጦ ቅልጥሜን ሰነጠቀው። ባሌ የጋቢውን ጫፍ ቀድዶ አሰረኝና በጀርባው አዝሎ ቤት አደረሰኝ። አማቴ ውሃ አፍልተው፣ ጨው ጨምረው አጠቡኝ፤ ከዚያ ማር ቀቡኝ። ማሩ ቁስሉ ላይ ሲያርፍ እንደ እሳት ለበለበኝ። እኔ ግን ጥርሴን ነክሼ ጣቶቻቸውን እያየሁ ነበር። ማሩ ውስጥ ሌላ ነገር እንዳለ ለማወቅ።

በዚያው ሳምንት ከደቦኞቹ አንዱ መዳፉን ክፉኛ ተቆርጦ ነበር። አሥራ አምስት ቀን ሳይሞላው ማጭዱን ይዞ ተመለሰ። የእኔ ቁስል ግን አልገጥም አለ። ዳር ዳሩ ነጣ፣ መሐሉ እንደ ከረመ ሥጋ ገረጣ። ሲነኩት እንኳ ደም አይወጣውም። ኅዳር ሲጋመስ መሽተት ጀመረ። እኔም ከመደብ ስነሳ ዓይኔ ይጨልማል፣ ድዴ ይደማል፣ ፀጉሬ ማበጠሪያው ላይ እየተነቀለ ይቀራል።

ጎረቤታችን ልትጠይቀኝ መጣች። ቁስሉን አየችና ከንፈሯን መጠጠች። አማቴ ውጭ መሆናቸውን ካረጋገጠች በኋላ፣ «ያቺም እንዲሁ እንደ ሻማ እያለቀች ነው የሄደችው» አለችኝ። ይህን ብላ ተሰናብታኝ ወጣች። የቀረውን እኔው ራሴ ጨረስኩት።

የነቢያት ጾም ገባ። በሦስተኛው ቀን ባሌ አውድማ እንደወረደ አማቴ ከጓዳ በነጠላቸው የሸፈኑትን ሽክና ይዘው መጡ። ሽክና የምንለው ለመጠጫ የሚሆን ትንሽ ቅል ነው። እላዬ ላይ ቆመው ዘረጉልኝ።

«እንቺ፣ ጠጪ።»

ከመቀበሌ በፊት እጃቸውን አየሁ። መዳፋቸውን ይዘረጋሉ፣ ጠብ አድርገው ይቀምሳሉ ብዬ ጠበቅሁ። አልቀመሱም፤ እንዲሁ ተቀበልኳቸው። ከሽክናው ውስጥ የፌጦ ሽታ አፍንጫዬን መታኝ። ፌጦ እንደሚታወቀው የማይሸፍነው ሽታ የለም።

«ምንድን ነው፣ እመይቴ?»

«መድኃኒት ነው። ስትጨርሺ ሽክናውን በደንብ አጥቢው።» ወደ በሩ ዞረው መንገዱን አዩ። «ለማንም እንዳትናገሪ። ለጎረቤት በተለይ።»

«ትንሽ ይቀዝቅዝልኝ» አልኩና አስቀመጥኩት። ለአፍታ አዩኝ፤ የሚናገሩ መሰለኝ፤ ግን ወጥተው ሄዱ።

የምተኛበት መደብ ከኋላ ግድግዳ ጋር የተያያዘ ነው። ጭቃው ረግፎ አንድ ክንድ የሚያሾልክ ቀዳዳ ነበረው። ከግድግዳው ጀርባ ውሻችን ቀን ቀን ይታሰራል፤ መንገደኛ የሚነክስ ክፉ ውሻ ነበር። በመስከረም ጅብ ትከሻውን ቦጭቆት ቁስሉ ዝንብ ይወረው ነበር። ሽክናውን በቀዳዳው አሾልኬ ውሻው ውሃ በሚጠጣበት ገል ላይ ገለበጥኩት። ሲልፍ ሰማሁ። ጆሮዬን ግድግዳው ላይ ለጥፌ ጩኸቱን ጠበቅሁ። ልፎ ሲጨርስ ገሉን ሲገፋው ብቻ ተሰማኝ።

በማግሥቱም ሽክናው መጣ። በሦስተኛውም ቀን እንዲሁ። ሁልጊዜ ባሌ ከወጣ በኋላ፣ ሁልጊዜ ተሸፍኖ፣ ሁልጊዜ ሳይቀመስ። እኔም ሁልጊዜ በዚያው ቀዳዳ ደፋሁት። ውሻው አለመሞቱ አላጽናናኝም። ቀስ ብሎ የሚገድል ነው አልኩ በልቤ። ለውሻውም አዘንኩለት፤ ግን እሱ ወይም እኔ ነበር። ከዚያ ጀምሮ ከገበታው የምጎርሰውንም ቀነስኩ። ቆሎዬን የምቆላው እንደ በፊቱ እኔው ነበርኩ፤ በአንድ እግሬ ምድጃው ድረስ እየተንፏቀቅሁ።

ሦስት ሳምንት ሊሞላ ሲል ባሌ አንድ ጠዋት ጨርቁን ፈትቼ ስቀይር ቁስሌን አየው። ፊቱ ተለወጠ።

«ይህ ነገር በእኛ እጅ አይሆንም። ወገዳ ቁስል የሚያክም ድሬሰር አለ። በገበያው ቀን እወስድሻለሁ።»

አማቴ ከምድጃው አጠገብ ሆነው «ውሰዳት» አሉ። ቶሎ ማለታቸው ራሱ አጠራጠረኝ።

ድሬሰሩ ከወታደር ቤት የወጣ፣ ሸበቶ፣ አንድ እግሩን ጎተት የሚያደርግ ሰው ነበር። በገበያው ዳር አንዲት የቆርቆሮ ቤት ውስጥ ያክማል። ባሌን ውጭ አስቀረውና ጨርቁን ፈትቶ ቁስሉን በሚያቃጥል ነገር አጠበው። የሞተውን ሥጋ በመቆንጠጫ ሲያነሳ ብዙም አልተሰማኝም። ያ ነው መሰለኝ ያሳሰበው። የዓይኔን ቆብ ወደ ታች ስቦ አየ፤ ድዴን አየ፤ ጥፍሬን ተጭኖ ለቀቀ።

«ምን ትበያለሽ?» አለኝ።

«ሰው የሚበላውን ነዋ፣ ጌታዬ።»

«ሰው የሚበላውን አልጠየቅሁሽም። ትናንት ከጠዋት እስከ ማታ ወደ አፍሽ የገባውን ንገሪኝ።»

አንድ ጭብጥ ቆሎ፣ ሽሮ የነካው እንጀራ ሁለት ጉርሻ፣ ውሃ። ስናገረው ለራሴም ጆሮ ጥቂት ሆነብኝ። ቁስሉን በጣቱ ጠቆመ።

«ቤት ለስነሽ ታውቂያለሽ?»

«ቤት ያልለሰነች ሴት የት አለች?»

«ግድግዳ ሲቦረቦር በምን ትደፍኚዋለሽ?»

«በጭቃ። ጭድ ገብቶበት በቦካ ጭቃ።»

«ጭቃም ጭድም ሳታቀርቢ በባዶ እጅሽ ብታሺው ይደፈናል?»

ራሴን ግራና ቀኝ ነቀነቅሁ።

«ይኸውልሽ፣ እኔ የማደርገው ቆሻሻውን መጥረግ ብቻ ነው። ጉድጓዱን የሚሞላው የራስሽ ሰውነት ነው። ሰውነትሽ ደግሞ ሥጋ የሚሠራው ከምትበይው ነው። የቆሰለ ሰው ከጤነኛ ሰው የበለጠ መብላት አለበት፤ አንቺ ግን ጤነኛ ሰው የማይቆምበትን ነው የምትበይው። ሰውነትሽ ቁስሉን ይድፈን ወይስ አንቺን ያቁም? ሁለቱንም አቅቶታል። ምስር ብዪ፣ ባቄላ ብዪ፣ ሽምብራ ብዪ፣ ጎመን ብዪ። ወተትና እንቁላል ደግሞ ከሁሉ ይፈጥናል።»

«ጾም ነው እኮ።»

«እሱን የንስሐ አባትሽ ያውቃሉ። ለበሽተኛ ይፈታሉ ሲባል እሰማለሁ።»

አዲስ ጨርቅ ሲጠመጥምልኝ ባሌ እንዳይሰማ አጎነበስኩና በልቤ ያለውን አወጣሁት። ለማያውቀኝ ሰው መናገር ቀለለኝ።

«ጌታዬ፣ ሰው በሚያጠጡት ነገር ቁስሉ እንዳይድን ማድረግ ይቻላል?»

እጁን አቆመ። «ማን ምን አጠጣሽ?»

«አልጠጣሁትም። አማቴ በየቀኑ ያመጡልኛል፤ እኔ ለውሻ ነው የምደፋው።»

«ስንት ጊዜ ሆነሽ?»

«ሦስት ሳምንት ሊሆነኝ ነው።»

«ውሻው ሞተ?»

«አልሞተም።»

«ታመመ?»

ባሌ ማታ ማታ ሲፈታው ሲዘል፣ ሲጮህ እሰማዋለሁ። «የታመመ አይመስለኝም» አልኩ።

«እንግዲያው ቤትሽ ስትገቢ ውሻውን እዪው» አለና ጠመጠመልኝ። አልሳቀብኝም። ቢስቅ ይሻለኝ ነበር።

በመንገድ ላይ ባሌ በቅሎዋን እየሳበ «ምን አለሽ?» ብሎ ጠየቀኝ። «ብዪ አለኝ» አልኩት። ዞር ብሎ አየኝ፤ «አትበይም እንዴ?» አለ። አንድ ገበታ ላይ እየተቀመጠ አላየም። ከሦስታችን በዚያ ቤት የማይጠረጥረው እሱ ብቻ ነበር፤ ስለዚህም ምንም አያይም ነበር።

ቤት እንደደረስን ከበቅሎ ወርጄ በዱላ ተደግፌ ወደ ጓሮ ዞርኩ። ውሻው አወቀኝና ጅራቱን ቆላ። ያ ሰው ሁሉ የሚፈራው ውሻ እጄን ይልስ ጀመር። ትከሻው ላይ መዳፍ የሚያህለው ቁስል ገጥሟል። ቀላ ያለ አዲስ ቆዳ ሸፍኖታል፤ ዳር ዳሩን ጠጉር አብቅሏል። ጎኑ ሞልቶ፣ ጠጉሩ ቅቤ የተቀባ ይመስላል። እዚያው መሬት ላይ ተቀመጥኩ። አንድ ጓሮ፣ አንድ ግድግዳ፣ ሁለት ቁስለኛ ነበርን። በግድግዳው ወዲያ ያለው ድኗል።

ወዲያው ያመንኩ እንዳይመስላችሁ። ጥርጣሬ አንዱ በር ሲዘጋበት ሌላ በር ይፈልጋል። ውሻ ሰው የሚገድለውን ሁሉ ይችለዋል አልኩ። በማግሥቱ ሽክናው ሲመጣ ጣቴን አጥቅሼ ምላሴ ጫፍ ላይ አደረግሁ። ከፌጦው ስር ወተት ነበረ። ከወተቱ ጋር የተመታ እንቁላል። ማርም ነበረበት።

በጾም! ያን ጊዜ የያዘኝ ቁጣ ከፍርሃቱ ይብሳል። ሥጋዬን ሳይሆን ነፍሴን ኖሯል የፈለጉት፤ ሳላውቅ ጾሜን ሊያስገድፉኝ፣ ከዚያም ለአገር ሊያሰሙብኝ። አሁን ሁሉም ነገር ገጠመልኝ፤ መደበቁም፣ ፌጦውም፣ ለማንም አትናገሪ ማለታቸውም። ሽክናውን እንደወትሮው በቀዳዳው ደፋሁትና እሑድን ጠበቅሁ።

እሑድ ቅዳሴ ሲወጣ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር በር ላይ የንስሐ አባቴን ጠበቅኋቸው። የእኔም የአማቴም የንስሐ አባት እሳቸው ነበሩ። መስቀል አሳልመውኝ እግሬን አዩ።

«አባቴ፣ አማቴ ጾም ሊያስገድፉኝ ነው» አልኩ። «በየቀኑ እንቁላልና ወተት መድኃኒት ነው እያሉ ያመጡልኛል።»

«ጠጣሽው?»

«ጠብታ አልዋጥኩም!» አልኩ ቀና ብዬ።

«ታዲያ ይህን ሁሉ ቀን ማን ጠጣው?»

«ውሻው።»

አባ ከበሩ አጠገብ ካለው ድንጋይ ላይ ቀስ ብለው ተቀመጡ።

«ጾሙ በገባ በማግሥቱ አማትሽ እዚህ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው አለቀሱ። ‹ቁስሏ አልገጥም አለ፣ ሳትሞትብኝ ይፍቱልኝ› አሉኝ። እኔም ፈታሁ። ጾም ለጤነኛ ነው፤ የታመመ ሰው ምግቡ መድኃኒቱ ነው። ንገሩና አጠጧት ብያቸው ነበር።»

«አልነገሩኝም! እንዲያውም ደብቂ ነው ያሉኝ።»

«ለምን እንዳልነገሩሽ እኔን ምን ትጠይቂኛለሽ? እሳቸውን ጠይቂ።» በመቋሚያቸው ተደግፈው ተነሱ። «አንቺ ልጄ ማየት እንጂ መጠየቅ አታውቂም። ያ ነው ያጠቃሽ። ከዛሬ ጀምሮ ጾምሽ ይኸው ነው፤ የሰጡሽን መጠጣት።»

ቤት ስደርስ አማቴ በረንዳው ላይ ሰፌድ ይዘው ምስር ይለቅሙ ነበር። ባሌ ማዶ ከብት ውሃ ሊያጠጣ ሄዷል። ቆሜ ቀረሁ። ስንት ቀን ያጠናሁት ነገር ሁሉ ከአፌ ጠፋ።

«እመይቴ፣ ለምን አልነገሩኝም?»

ቀና አሉ። ከየት እንደመጣሁ ያወቁ ይመስለኛል።

«ብነግርሽ ትጠጪ ነበር?»

ራሳቸው መለሱት።

«አትጠጪም። ገና ስትመጪ ነው ያየሁሽ፤ ከወገንሽ እንኳ የመጣ እንግዳ ሲያጎርስሽ አፍሽን ትሰበስቢያለሽ። ጾም ነው ብለሽ እምቢ ትያለሽ። ደግሞ ያቺ ጎረቤት ከሰማች ምንጩ ላይ የወሬ መዋያ ታደርግሻለች። መድኃኒት ካልኩሽ ትጠጫለሽ ብዬ ነው።»

«ታዲያ ለምን አልቀመሱልኝም?»

ከልባቸው ተገርመው አዩኝ። «እኔማ ጾመኛ ነኝ! የተፈታው ለአንቺ እንጂ ለእኔ ነው እንዴ?»

ሦስት ሳምንት ሙሉ ያንን ነገር አገላብጬ ሳየው ይህቺ መልስ አንድ ቀን እንኳ አልመጣችልኝም ነበር። አጠገባቸው ተቀመጥኩ።

«ለውሻው ነው የሰጠሁት» አልኩ።

ጣቶቻቸው ምስሩ ውስጥ ቆሙ። «ሁሉንም?»

«ሁሉንም።»

«አሀ! ለካ ለዚያ ነው ትከሻው የዳነለት!» አሉ። የሳቅ ጥላ በፊታቸው አለፈ፤ ወዲያው ጠፋ። ሰፌዱን አስቀመጡ።

«ስለ ያቺኛዋ ነግረውሻል መሰለኝ» አሉ።

«ሲያጠጧት ሰንብተው ሞተች ብለውኛል።»

«እውነት ነው። የተልባ ውሃ ነበር የማጠጣት። ጡቷ ላይ እባጭ ወጥቶ ፈነዳ፣ ከዚያ አልገጥም አለ፤ ልክ እንደ አንቺ። ሁዳዴ ነበር። ሌላ ነገር አልቀምስም አለች፤ ጾሟን የምታጠብቅ ልጅ ነበረች። እኔም ጾም ነው ብዬ ዝም አልኩ። ቅቤው ጓዳዬ ነበር፤ ወተቱ ጓዳዬ ነበር። ቄሱ ጋ ሄጄ ፍቱላት ማለት አፈርኩ፤ ሰው ምን ይለኛል አልኩ። በተልባ ውሃ ፋሲካ ሊደርስ ሲል ቀበርኳት።» ነጠላቸውን ወደ ዓይናቸው አነሱ፤ ግን አልጠረጉበትም፤ መልሰው አወረዱት። «አንቺ ቆሎ ብቻ ስትቆረጥሚ አይቻለሁ። ከእኔ እጅ እንደማትበዪም አውቃለሁ። እንዴት እንደማበላሽ ብቻ ነበር የጠፋኝ።»

ይቅርታ ልጠይቅ ፈለግሁ። የወጣልኝ ግን «ምስሩ ለማታ ነው?» የሚል ብቻ ነበር። «ለማታ ነው» አሉና መልቀማቸውን ቀጠሉ። እኔም ከሰፌዱ ማዶ ሆኜ አብሬ ለቀምኩ።

በማግሥቱ ሽክናውን እስከ ሥሩ ጠጣሁት። ፌጦ አልነበረበትም። ሆዴ ያንን ያህል ስለማያውቅ መጀመሪያ ታገለኝ። ከዚያ ወዲያ አማቴ ጠዋት ወተትና እንቁላል፣ ቀትር ላይ የባቄላ ሾርባ፣ ማታ ምስር በጎመን ያቀርቡልኝ ጀመር። የመጀመሪያው ሳምንት ቁስሉ ላይ ለውጥ አላየሁም፤ አንዳንዴ ጥርጣሬዬ ብድግ ይላል። በሁለተኛው ሳምንት ጨርቁን ስፈታ መሐሉ እንደ ሮማን ፍሬ ቀልቶ አገኘሁት። ስነካው አመመኝ። ስላመመኝ ደስ አለኝ። ዕለት ዕለት ከሥሩ እየሞላ፣ ከዳሩ እየጠበበ መጣ። ድሬሰሩ ጋ በሦስተኛው ጊዜ ስንሄድ ቁስሉን አይቶ «ማነው ያበላሽ?» አለኝ። «አማቴ» አልኩ ጮክ ብዬ፣ ባሌም እንዲሰማ። ለጥምቀት በእግሬ ወንዝ ወረድኩ፤ ዱላ ይዤ ቢሆንም።

ግን ይህን ሁሉ ካየሁ በኋላ እንኳ ልቤ ውስጥ ትንሽ ነገር ቀርታ ነበር። ሰው ስለ ራሱ የሚናገረው ሁሉ እንዴት ይታመናል? በየካቲት ባሌ ልጁን ሊያይ ወደ አርብ ገበያ ሲወርድ አብሬ ሄድኩ። ዓርብ ዕለት በገበያው መሐል የሟቿን እናት ለብቻቸው አገኘኋቸው፤ ከጤፍ ነጋዴዎቹ ጀርባ ጥላ ይዘው ተቀምጠዋል። አጠገባቸው ተቀምጬ በቀጥታ ጠየቅኋቸው፤ ልጃቸው እንዴት እንደሞተች፣ ልጅቷንም ለምን እንደወሰዷት።

አሮጊቷ የተቆጡ መሰለኝ፤ ኋላ ግን ተውት።

«አማትሽ ገደሏት ያለሽ አለ?» አሉኝ።

«እንዲያ ያለኝ የለም።»

«ልጄ አልበላ ብላ ሞተች። እኔም ሄጄ ነበር። እኔም ሁዳዴ ነው ብዬ ዝም አልኩ። ከአማትሽ የምለየው እሳቸው ያስታመሙ መሆናቸው ነው።» እንባቸውን በመዳፋቸው ጠረጉና፣ «ልጅቷን የወሰድናት ታናሽ ልጄ ያን ጊዜ ታጠባ ስለነበር ነው። ሌላ ምን ይኖራል?» አሉ።

በዚያች ቅጽበት የተሰማኝ እፎይታ አልነበረም። ሐፍረት ነበር። ልጅ የሞተባትን እናት በገበያ መሐል ያስለቀስኳት የራሴን ልብ ለማረጋጋት ብቻ ነው። ጉልበታቸውን ስሜ ተነሳሁ።

ስማዳ ስመለስ ቁጣዬን ሁሉ ሰብስቤ ለጎረቤታችን አስቀመጥኩላት። ምንጩ ላይ ብቻዋን ሳገኛት እንስራዬን አስቀምጬ ፊቷ ቆምኩ።

«እትዬ፣ አማቴ የልጃቸውን ሚስት አጠጥተው ገደሉ ያልሽኝ ለምንድን ነው?»

ዓይኗ ፈጠጠ። «እኔ? እኔ ሲያጠጧት ሞተች አልኩ እንጂ መቼ ገደሏት አልኩ? ጌታን፣ ከአፌ አልወጣም!»

ልመልስላት አፌን ከፈትኩ፤ የተናገረችውን ቃል በቃል አስታወስኩ፤ አፌንም ዘጋሁ። እውነቷን ነበር። ገደሏት የሚለው ቃል ከእሷ አፍ አልወጣም ነበር። እንስራዬን ሞላሁ፤ እሷም የእሷን ሞላች፤ አንዳችን ለሌላችን እንስራውን አሸክመን ዳገቱን አብረን ወጣን።